የፈረስ ኮቴ ማግኔት፦ የቱን ልግዛ?

ትምህርት በተጀመረ ቁጥር የፊዚክስ አስተማሪ ጓደኞቼ ይደውሉልኛል። «ያቺን ቀይ ማግኔት ከየት ልግዛ? ስንትስ ናት?» አንድ በአንድ ከመመለስ እዚህ ልጻፈው። እኔ የማደላው አልኒኮ ለሚባለው የብረት ቅይጥ ማግኔት ነው።

ባለፈው ዓመት ግን አልኒኮ አልገዛሁም። መርካቶ ላይ 2,200 ብር ሲሉኝ ደነገጥኩና ከጎኑ ካለ ሱቅ በ350 ብር ሒሳብ 10 ቀያይ ማግኔቶች ገዛሁ። 3,500 ብር፣ ያውም የትምህርት ቤት ገንዘብ። በሁለተኛው ሳምንት አንዷ ከተማሪ እጅ ወደቀችና ለሁለት ተሰነጠቀች። «ቲቸር፣ ውስጧ ባዶ ነው!» አለኝ ልጁ። እውነቱን ነው። ቀዩ አካል ፕላስቲክ ነው። ሁለቱ ጫፎች ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ጥቁር ማግኔት በማስቲሽ ተለጥፋለች። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።

የኮቴው ቅርፅ ለጌጥ የተሠራ አይደለም። ቀጥ ያለ ማግኔት ሲታጠፍ ሰሜንና ደቡብ ዋልታው ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ ሁለቱም አንዱን ብረት በአንድ ጊዜ ይይዙታል። ወረቀት ላይ የብረት ብናኝ ነስንሳችሁ ማግኔቱን ከሥር አስጠጉ። ብናኙ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ድልድይ ሲሠራ ታያላችሁ። ፎርጅዱ ውስጥ ግን ሁለቱን ጫፎች ከኋላ የሚያገናኝ ብረት ስለሌለ ጉልበቱ አየር ላይ ይባክናል። በትንንሽ ሚስማር ሞከርኩት፤ ፎርጅዱ 3 አነሣ፣ ከጓደኛዬ የተዋስኩት አልኒኮ 12።

አልኒኮ አሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት ከብረት ጋር የተቀላቀሉበት ነው፤ ስሙም ከሦስቱ የመጣ ነው። ሙቀት አይበግረውም። ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት፤ ከበድ ማለት አለበት። ጫፎቹ ያልተቀባ ብረት መሆን አለባቸው። ሚስማር በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሞክሩት። ጫፎቹ ላይ የምትለጠፈውን ትንሽ ብረት ደግሞ ሳትቀበሉ እንዳትወጡ። ያለ እሷ አልኒኮ ቀስ በቀስ ይደክማል። «ጠፍታለች» ካሉ ዋጋ አስቀንሱ፤ እኔ 200 ብር አስቀንሻለሁ።

ትንሿ የምታብረቀርቀው፣ ኒዮዲሚየም የምትባለው ማግኔት 150 ብር ናት። ጉልበቷ ያስገርማል፤ ለክፍል ግን አልገዛትም። የተለመደው ዓይነት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ አቅሙ ይወርዳል፤ ሁለቱ ሲጋጩም ይሸራረፋሉ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ልጅ ሁለት ከዋጠ ነው። ሆድ ውስጥ ተሳስበው አንጀቱን በመሃል ይቆነጥጡታል፤ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ባትገባ ይሻላል።

ሌላም ጣጣ አላት። አልኒኮዬን ከገዛሁ በኋላ ከኒዮዲሚየም ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከወር በኋላ የ2,200 ብር ማግኔቴ ከ12 ሚስማር ወደ 5 ወርዶ አገኘሁት። አልኒኮ ሌላ ኃይለኛ ማግኔት ሲጠጋው በቀላሉ ይዳከማል። ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። እግሮቹ ላይ ወፍራም ሽቦ ደጋግሞ ጠመጠመና የመኪና ባትሪ ለቅጽበት ነካ አደረገለት። 300 ብር ከፈልኩ፤ ወደ 10 ተመለሰ። ፎርጅዱን ግን ምን ብዬ ላስጠግነው? አካሉ ፕላስቲክ ነው።

ለጋራዥ ወይም ለልብስ ስፌት ከሆነ ኮቴም አያስፈልጋችሁ። ምናለሽ ተራ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ክብ ጥቁር ማግኔት በ100 ብር ታገኛላችሁ። የወደቀ ዳዶና መርፌ ለመልቀም ይበቃል። ሲወድቅ እንደ ሸክላ ስለሚሰበር ወፈር ያለ ጨርቅ ጠቅልሉበት።

ዘንድሮ ለክፍሌ ሁለት አልኒኮ ብቻ ነው ያለኝ። ተማሪዎቹ በተራ ይይዛሉ። ደወል ሲደወል የመጨረሻው ልጅ ትንሿን ብረት ጫፎቹ ላይ ለጥፎ ይመልስልኛል።