ጉናን ላስወጣን ልጅ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ባሕር ዳር ሆናችሁ «እስቲ አንድ ቀን ተራራ ልውጣ» የምትሉ ሁሉ፣ የምነግራችሁ ሰው አለኝ። ሥራው ሰው ይዞ ተራራ መውጣት ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ «አስጎብኚያችን» እያልኩ እቀጥላለሁ። ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

እኛ የጣና ዳር ሰዎች ሜዳና ሙቀት ለምደናል። ውሃው ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ መብላት ላይ ማንም አይደርስብንም። ተራራ ሲነሳ ደግሞ ሁላችንም የምናስበው የሰሜን ተራሮችን ነው። ጉና ግን ቅርባችን ነው። በወረታ ታጥፎ ደብረ ታቦርን ማለፍ ብቻ ነው። ከፍታው ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ልዩነቱን አስሉት።

የሄድነው የመሥሪያ ቤት ጓደኞች ሆነን ነው። አጎቴም ተጨምረውብናል። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ስድሳን አልፈዋል። «እኔን ጥላችሁ ጉና የምትሄዱት ምን ሆኜ ነው?» አሉ። ምን ይባላል?

ለአስጎብኚያችን ስደውል ዋጋ ልጠይቅ ነበር። እሱ ግን ጠያቂ ሆነ። ከመካከላችሁ በዕድሜ ትልቁ ማን ነው? ደም ግፊት ያለበት አለ? አስም? ከደብረ ታቦር በላይ ወጥቶ የሚያውቅ? ምን ዓይነት ጫማ አላችሁ? ዋጋውን የነገረኝ መጨረሻ ላይ ነው። የአጎቴን ዕድሜ ስነግረው «ጋሼን መጀመሪያ ላግኛቸው» አለ።

ያገኛቸው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ነው። ሁላችንንም በጠዋት ጠርቶ አስወጣን። ለዚህ ምንም አላስከፈለንም። ቤዛዊትን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ ከዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኛ ወንዙን ፎቶ ስናነሳ እሱ የእኛን እግር ነበር የሚያየው። ማን ቶሎ ያለከልካል፣ ማን ዳገት ሲያይ ይሮጣል፣ ማን ሲወርድ ጉልበቱን ይይዛል። አንዷን ጓደኛችንን «እህቴ፣ ይቺ ጫማ ለሐይቅ ዳር ሽርሽር ናት» ብሎ አስቀየራት። መጀመሪያ ተቀየመች። ጉና ላይ ግን ስትመርቀው ዋለች።

አንድ ሕግ አለው፦ እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል፣ ቀንሱ። ቤዛዊት ላይ ስንሰማው ቀልድ መስሎን ነበር።

ቀጥሎ በአልጋ ተጨቃጨቅን። እኛ ሌሊት ተነስተን በዚያው ቀን ለመመለስ ነበር ያሰብነው፤ የአልጋ ወጪ ይቀራል ብለን። እሱ እሺ አላለም። «ደብረ ታቦር ካላደራችሁ አልወስዳችሁም» አለ። እኔ በልቤ አልጋ አከራዮች ኮሚሽን ይከፍሉት ይሆናል ብዬ ጠርጥሬው ነበር። በኋላ አስረዳን። ባሕር ዳር ላይ የምንተነፍሰው አየር ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 80 በመቶ ገደማ ነው። ጉና አናት ላይ 60 በመቶ ገደማ ይሆናል። አንድ ሌሊት በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ማደር ሰውነት ቀስ ብሎ እንዲለምድ ይረዳዋል። አልጋውንም ራሳችሁ ፈልጉ አለን። እኛው ፈልገን፣ እኛው ከፈልን።

ሌላም ነገር ነበር። መጀመሪያ የያዝነው ሳምንት መጨረሻ ላይ ጉዞው ተሰርዟል። የሰረዘው እሱ ነው። ከመነሳታችን በፊት በነበረው ቀን ደብረ ታቦርም የእግር ጉዟችን መነሻ ክምር ድንጋይም ያሉ ሰዎች ጋ ደውሎ ስለ መንገዱ ጠየቀ። መልሱ አላረካውም። «ይቅር፣ ተራራው የትም አይሄድም» ብሎ ቀብዳችንን ሙሉውን መለሰልን። ከዚህ በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ የጉዞ አዘጋጅ ቀብድ ተቀብሎን ስልኩን ዘግቶብናል። ስለዚህ የተመለሰ ቀብድ ስናይ ተያየን።

የሄድነው በጥቅምት ነው። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ደርቋል፣ ሰማዩም ጠርቷል። ቅዳሜ ረፋድ ሐሙሲትን አልፈን የጉማራን ድልድይ ስንሻገር መኪናውን አስቆመ። «ይሄን ውሃ አስታውሱት» አለ። ግራና ቀኙ የፎገራ ሜዳ ነው። ሩዙ ደርሶ ነበር። ምን እንደምናስታውስ አልነገረንም።

ደብረ ታቦር ምሳ ላይ ስንደርስ አጎቴ «በጥቅምት አንድ አጥንት ነው የሚባለው» ብለው ቅቅል አዘዙ። ከሰዓት በኋላ ለእግር ማፍታቻ ብሎ ጋፋት ወሰደን። አፄ ቴዎድሮስ ፈረንጆቹን ሚስዮናውያን ሰብስበው ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ ነው። ያ መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ድረስ ሄዷል። ይሄን ሁሉ የነገሩን አጎቴ ናቸው። አስጎብኚያችን አፉን ዘግቶ ሰማ። የሚያውቀውን ታሪክ ሌላ ሰው ሲነግርበት ዝም የሚል አስጎብኚ አይቼ አላውቅም። እንዲያውም «ጋሼ፣ ከጋፋት የተነሱት በየት በኩል ነበር?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። አጎቴ የዚያን ዕለት አሥር ዓመት ወጣት ሆኑ።

እሁድ ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። አገራችን በሐሩር ክልል ውስጥ ናት ተብለን ነው ጂኦግራፊ የተማርነው። እዚያ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ጋግሯል። በጥቂቱ ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ሺህ ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ፀሐይዋ ግን የሐሩር ፀሐይ ናት። ከፍታው ደግሞ ያብሳታል። ጠዋት ጣታችሁ ይደነዝዛል፣ እኩለ ቀን ላይ አፍንጫችሁ ይላጣል። ጋቢም ሰፊ ኮፍያም ያዙ ያለን ለዚህ ነው። አንዱ ጓደኛችን ኮፍያውን መኪና ውስጥ ትቶ መጥቶ ሳምንቱን ሙሉ የተጠበሰ ፊት ይዞ ቢሮ ገብቷል።

ክምር ድንጋይ ላይ አንድ አባት በቅሎ ይዘው ጠበቁን። ክፍያቸውን አስጎብኚያችን በእጁ አልነካውም። «ለአባባ ራሳችሁ ስጧቸው» አለን። ዋጋውን ከእሳቸው ጋር ፊት ለፊት ተነጋግረን ተስማማን። በመሃል የሚቆረጥ ነገር እንደሌለ ሁሉም አየ። ይሄን የምጽፈው ሌላ ቦታ ስንሄድ የበቅሎውን ባለቤት ፊት እንኳ ሳናይ ስለምንመለስ ነው።

ከዚያ አጎቴን ከፊት አደረጋቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ይምሩን።» አጎቴ ሽመላቸውን ይዘው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። እኛ ወጣቶቹ ከኋላ ተሰለፍን። መጀመሪያ ላይ ቀርፋፋ ነበር፤ እግራችን ይቁነጠነጥ ነበር። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ገባኝ። አዛውንቱን ከኋላ ብታስቀምጣቸው እኛ ቀድመን እንሄዳለን፤ እሳቸው ሊደርሱብን ይታገላሉ። ሲደርሱ እኛ አርፈን ጨርሰን እንነሳለን። እሳቸው ሳያርፉ ይቀጥላሉ። ከፊት ሲሆኑ ግን ማንም አይቀድማቸውም፣ ማንም አይጠብቃቸውም። እሳቸውም መሪ ናቸው እንጂ የሚጎተቱ አይደሉም። የአስጎብኚያችን ረዳት ደግሞ ከሁላችንም ኋላ ነበር። አስጎብኚያችን አጎቴ ጎን ሆኖ ያወራቸዋል። የሚያወራቸው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ትንፋሻቸውን እያዳመጠ ነው።

መጀመሪያ የገብስና የድንች ማሳ ነው። ማሳው ዳገቱን ይዞ ሩቅ ይወጣል። ወደ ላይ እየወጣን ስንሄድ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ከዚያ የጓሳ ሣር፣ ከዚያ ጅብራ መጣ። ጅብራን በአካል ላላያችሁት፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፣ ቅጠሉ አናቱ ላይ የተከመረ ተክል ነው። ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። አብቦ ዘር ከሰጠ በኋላ ይሞታል። አንዱ ልጅ ለፎቶ ብሎ ቅጠሉን ሊጎትት ሲል አስጎብኚያችን እጁን ያዘው። አልተቆጣም። «ይሄ ገና አላበበም» ብቻ አለው።

አሁን ስለ ጂም አዘውታሪው ጓደኛችን ልንገራችሁ፤ ፈቅዶልኛል። ክንዱ የእኔን ጭን ያክላል። ቤዛዊትን በሩጫ ነበር የወጣው። ጅብራው መታየት ሲጀምር ፊቱ ገረጣ፣ ራሴን አለ፣ አቅለሸለሸው። እኛ «አይዞህ፣ ደርሰናል» ልንል ነበር። አስጎብኚያችን አስቆመን። አስቀመጠው፣ ውሃ አጠጣው፣ ትንሽ ጠበቀው። አልተሻለውም። ወዲያው በበቅሎ አድርጎ ከረዳቱ ጋር ወደ ታች ላከው። ክርክር የለም። የከፍታ ሕመም ጡንቻ አይመርጥም፣ መድኃኒቱም መውረድ ነው አለን። ልጁ ታች ሲደርስ ተሽሎት ሻይ ሲጠጣ ነው ያገኘነው። ለረዳት ለምን ይከፈላል ብለን ባሕር ዳር ላይ አጉረምርመን ነበር። ያ ረዳት ባይኖር ወይ ሁላችንም እንመለሳለን፣ ወይ ልጁ ብቻውን ይወርዳል።

አጎቴ ወጡ። ከአናቱ ላይ ነፋሱ ቃል ያስውጣል። በሶ በጥብጠን ጠጣን፣ ዳቦ ቆሎ ቆረጠምን። በስተምዕራብ ቁልቁል የፎገራ ሜዳ ጭጋግ ውስጥ ይታያል፤ ጣና ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። ስንወርድ አስጎብኚያችን አንዲት ትንሽ የምንጭ ውሃ ጋ ቆመ። «ድልድዩ ላይ አስታውሱት ያልኳችሁ ውሃ» አለ። ጉማራም ርብም ከጉና ነው የሚነሱት፣ ሁለቱም ጣና ይገባሉ። ከዚያ ወደ ታረሰው ዳገት እያመለከተ አፈሩ በክረምት እንዴት እየታጠበ ሐይቁ ውስጥ እንደሚገባ አሳየን። እኛ ጣና ዳር ሆነን ውሃው ደፈረሰ እያልን እናማርራለን። የሚደፈርስበትን ቦታ ያየሁት እዚያ ነው። አስጎብኚያችን ይሄን እንደ ትምህርት አልዘበዘበውም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ «እንውረድ» አለ።

ሰባት ሰዓት ላይ የትም ብንሆን እንመለሳለን ብሎን ነበር። እኛ ቀድመን ስለወጣን አልተነካንም እንጂ ቃሉን እንደማያጥፍ እርግጠኛ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ደመናው አናቱን ሲሸፍነው በዓይናችን አየን። ቀኑም በእኛ አገር ቶሎ ይመሻል፤ ፀሐይ አንዴ ከጠለቀች ማታ ነው።

ጉድለቱንም ልናገር፤ አለዚያ ዘመዱ እመስላለሁ። ስልክ ቶሎ አያነሳም። ተራራ ላይ ሲሆን ጭራሽ አይገኝም። ምግብ በዋጋው ውስጥ የለም፣ ይሄንን ቀድማችሁ እወቁ። ድምፅ ማጉያ ይዞ ሙዚቃ ማስጮህ አያስፈቅድም፤ ለእኔ ይሄ ጉድለት አይደለም፣ ለአንዳንዶቻችን ግን ነበር። ቆሻሻችንን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘን እንድንወርድም አድርጎናል። ከረጢቱን በየተራ ተሸክመናል፣ አጎቴ ሲቀሩ።

ጉና ይከብደናል ለምትሉም ቀለል ያለ መንገድ አለው። ዘጌን በጀልባ ተሻግሮ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ወደ አዝዋ ማርያም በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ያዞራል። ጢስ ዓባይም ይወስዳል። ፏፏቴውን ግን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁት። ውሃው ለኤሌክትሪክ ስለሚጠለፍ ሙሉ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ፣ ሳስቶ የሚታይበትም አለ። ሲሳሳ «አሁን አትሂዱ» ብሎ ገቢውን ትቶ ይመልሳችኋል። ሰሜን ተራሮችንም ይሠራል። ለእሱ ግን መጀመሪያ ጉናን ወይም ጮቄን አሳዩኝ ይላል።

ዋጋው እንደ ሰው ብዛትና እንደ መኪናው ይለያያል። ብዙ ሰው ይዞ አይሄድም። ልጆች ያላችሁ በዘጌ ጀምሩ። ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ይያዛል፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ጻፉልኝ።

ረዳቱን፣ ሾፌራችንን፣ ክምር ድንጋይ ላይ በውርጭ የጠበቁንን አባት፣ ደብረ ታቦር ላይ ሌሊት ተነስተው ሻይ ያፈሉልንን እናትም አመሰግናለሁ። ወንድማችን፣ አንተንም እግዜር ይስጥልን። አጎቴ «ያ ልጅ ደወለ?» እያሉኝ ስለሆነ ስልክህን አንሳ።