ደሴ ላይ ልጄን ያስገባኋት የክረምት የምግብ ሥልጠና

7ኛ ክፍል የሆነችውን ልጄን ዘንድሮ ክረምት እዚሁ ደሴ የምግብ አሠራር ሥልጠና አስገብቻት ነበር። በጣም ነው የወደድኩት። የጀመሩት ከቢላ አያያዝ ነው፤ ጣት ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ሽንኩርቱ ለሁለት ተከፍሎ በጠፍጣፋ ጎኑ ተቀምጦ። ሰኞ ገበያ ወስደው ጎመንና ቲማቲም አስመርጠዋቸዋል። አሁን ቤት ውስጥ አዮዲን ያለውን ጨው ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው የምትጨምረው፣ ብዙ ከተንተከተከ አዮዲኑ ይቀንሳል ብላ፤ ምስር ስንበላ ደግሞ «እማዬ ሻዩ ትንሽ ይቆይ፣ ሰውነታችን ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል» ትለኛለች፣ እኔ ይህን የሰማሁት ገና አሁን ነው። ቅር ያለኝ አንድ ነገር፦ ለ14 ልጅ 2 ምድጃ ብቻ! ግማሾቹ ቆመው ያያሉ። ምድጃ ከጨመሩ ታናሿንም አስመዘግባለሁ።