ከነጭ ቫን ላይ «የ3,000 ዶላር ስፒከር» እንዳትገዙ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጓደኛዬ ከጋዝ ስቴሽን ደወለልኝ። «ስማ፣ የሦስት ሺህ ዶላር ስፒከር በአራት መቶ ሊሰጡኝ ነው። አንተ ነገሩን ታውቀዋለህ፣ ልግዛ? ቶሎ በለኝ፣ ልጆቹ ቸኩለዋል» አለኝ። «ነጭ ቫን ነው የያዙት?» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «እንዴት አወቅክ?» አለኝ።

ያወቅኩት እኔም በዚሁ መንገድ ስለተበላሁ ነው። ጓደኛዬ ሳይከፍል መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሌላው ግን የሚደውልለት ሰው ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

እኔ የተበላሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የአንድ ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ። አስቤዛዬን ጭኜ ልወጣ ስል ቫኑ አጠገቤ ቆመ። ሁለት ወጣቶች ናቸው። የሥራ ልብስ ለብሰዋል፣ አንገታቸው ላይ ባጅ አንጠልጥለዋል። ለአንድ ሆቴል ስፒከር ሊገጥሙ እየሄዱ ነው አሉ። መጋዘን ውስጥ ተሳስተው ሁለት ትርፍ ካርቶን ጭነውላቸዋል፣ አለቃቸው አያውቅም፣ መልሰው ከሚያስረክቡ በርካሽ ሸጠው ቢካፈሉት ይሻላቸዋል። ለጓደኛዬም የነገሩት ይሄንኑ ነው፣ ሆቴሉ ቀርቶ የሀብታም ቤት ሆነ እንጂ።

እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። የሚሉት እውነት ቢሆን እንኳ የሚሸጡልኝ የሰው ዕቃ ነው። ያንን ዘልዬ ወደ ዋጋው መሄዴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ግን ጥሩ ስፒከር የቆየ ምኞቴ ነበር። ለዚያ ብዬ ወራት ሙሉ ከደሞዜ ትንሽ ትንሽ እያስቀመጥኩ 600 ዶላር ደርሼ ነበር። ልጆቹ ደግሞ የሚያሳዩትን ያውቃሉ። መጀመሪያ እንደ መጽሔት የሚያብለጨልጭ ካታሎግ ሰጡኝ፣ ዋጋው 2,999 ዶላር ይላል። ከዚያ የታተመ ደረሰኝ። ከዚያ በስልካቸው የድርጅቱን ድረ ገጽ ከፈቱልኝ፣ እዚያም ያው 2,999 ነው። የስፒከሩ ስም የጀርመን ስም ይመስላል፣ የሆነ ቦታ የሰማሁት ያህል ተሰማኝ። በ800 ጀመሩ። የለኝም ስል 500 አሉ። መኪናዬ ውስጥ ስገባ 350 ደረሱ። ካሽ ብቻ። ኤቲኤም ድረስ ተከትለውኝ መጡ፣ ካርቶኖቹንም ራሳቸው ጫኑልኝ።

ቤት ወስጄ ከአምፕሊፋየሬ ጋር አገናኘሁት። ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ከበሮው ድም ማለቱ ቀርቶ ካርቶን የሚመቱ ነው የሚመስለው። የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ አፍንጫው የተያዘ ሰው ሆነ። አሥር ዓመት ያገለገለችኝ ትንሿ ስፒከሬ በብዙ ትበልጠው ነበር።

በማግስቱ ፈታሁት። አራት ብሎን ነው፣ ዉፈሩ፣ ማለት ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክብ፣ በእጄ መጣ። ከፊት ሲያዩት ትልቅ ነው፣ ከኋላው ያለው ማግኔት ግን የቡና ሲኒ አፍ አያክልም። ሽቦው እንደ ክር የቀጠነ ነው። በጥሩ ስፒከር ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ ወደ ዉፈር፣ ቀጭኑን ወደ ቱዊተር የሚለይ ክሮስኦቨር የሚባል ሰርኪት አለ። እዚህ ያገኘሁት አንዲት ካፓሲተር ብቻ ናት። ሳጥኑ ውስጥ ድምፅ የሚውጥ ጥጥ የሚባል ነገር የለም። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ከፊት አራት ድምጽ ማውጫ እያየሁ የገዛሁት ስፒከር አራተኛው ጭራሽ ሽቦ አልተያያዘበትም። ለዓይን የተለጠፈ ጌጥ ነው።

ይሄ አዲስ ማጭበርበር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፣ ካናዳም እንግሊዝም አውስትራሊያም ደርሷል። የቫን ስፒከር ይሉታል። ብራንዱ የሚፈጠረው ለዚሁ ሽያጭ ተብሎ ነው። ካታሎጉም ድረ ገጹም የሚሠሩት ያንን የውሸት ዋጋ እንድታዩ ነው። ስለዚህ እዚያው ቆማችሁ ጉግል ብታደርጉ የምታገኙት እነሱ የጻፉትን ነው። መፈለግ ያለባችሁ ሌላ ሰው ያንን ዕቃ ተጠቅሞበት በስንት እንደሸጠው ነው። ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ በ40 ዶላር ቆሞ ገዢ ካጣ፣ ዋጋው እሱ ነው። ካሽ ስለከፈልኩ ደግሞ ገንዘቤን የማስመልስበት መንገድ አልነበረኝም። በክሬዲት ካርድ ቢሆን ኖሮ ባንኩ ጋ ደውዬ መከራከር እችል ነበር።

በጣም የሚያናድደኝ በዚያው 350 ዶላር እውነተኛ ስፒከር መግዛት ይቻል እንደነበር ነው። ዋርፍዴል ከ1932 ጀምሮ ስፒከር የሚሠራ የእንግሊዝ ስም ነው። ኬፍ 1961 ላይ የተመሠረተ ነው። ፖልክ ደግሞ 1972 ላይ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ባልቲሞር ውስጥ ነው የተጀመረው። የእነዚህን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ባለ ሁለት ድምጽ ማውጫ ስፒከር ያገለገለ ብትፈልጉ በዚህ ገንዘብ ታገኛላችሁ። በትንሽ ብር አራት ድምጽ ማውጫ ካለው ትልቅ ሳጥን ይልቅ በደንብ የተሠራ ባለ ሁለቱ ይሻላል፣ ገንዘቡ ለጌጥ አይበተንማ።

ዋት የሚለውን ቁጥርም አትመኑ። የእኔው ተለጣፊ 1,000 ዋት ይላል። ሳሎን ውስጥ ሰው የሚሰማው ብዙ ጊዜ በጥቂት ዋት ነው። ከዋቱ ይልቅ የምታዩት በዴሲቤል የተጻፈውን፣ ማለት ስፒከሩ በተሰጠው ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚነግረውን ቁጥር ነው። 87 ዴሲቤል የሚል ስፒከር 90 የሚለውን ያህል እንዲጮህ እጥፍ ዋት ይፈልጋል። አምፕሊፋየራችሁ ትንሽ ከሆነ ይሄ ቁጥር ብዙ ያድናችኋል።

ያገለገለ ስትገዙ መጀመሪያ ጨርቁን ከፊቱ አንሱና ዉፈሩ ዙሪያ ያለውን ቀለበት በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ንኩት። ፎም ከሆነና ከ15 እስከ 20 ዓመት ከቆየ እንደ ደረቀ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል። ላስቲክ ከሆነ ግን ረጅም ዕድሜ አለው። ፎሙ ቢበሰብስም ይቀየራል፣ ግን ያንን ከዋጋው አስቀንሱ። የግራና የቀኙ ዉፈር አንድ ዓይነት መሆኑንም እዩ፣ አንዱ ተቃጥሎ በሌላ የተተካ ብዙ ነው። መልቲሜትር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ካላችሁ ገመዱ የሚገባበትን ከኋላው ለኩት፦ 8 ኦም የተባለ ስፒከር 6 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው።

ከዚያ የራሳችሁን ሙዚቃ አሰሙት፣ አንድ በአንድ፣ ግራውን ለብቻ ቀኙን ለብቻ። ጆሯችሁን ቱዊተሩ ጋ አስጠጉ፣ አንዱ ሞቶ ሳያስታውቅ ሊቀር ይችላል። በበገና ግን አትፈትኑ። በገና በእንዚራው፣ ማለት አውታሩ ሥር በምትገባው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት በራሱ ይነዝራል፣ የተቀደደ ዉፈር ንዝረት እዚያ ውስጥ ይደበቅባችኋል። በደንብ የምታውቁት የሰው ድምፅና ፒያኖ ይሻላል። ሻጩ ቤት አምፕሊፋየር ከሌለ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሳላሰማ እሸጣለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይቅርባችሁ።

ወደ አዲስ አበባ ለመላክ የምትገዙ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በአምፕሊፋየር የሚሠራ ተራ ስፒከር ከቮልቴጅ ጋር ጉዳይ የለውም። አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ከሆነ ግን ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ አገር ቤት 220 ላይ ሲሰኩት ይቃጠላል።

የእኔዎቹ እስካሁን ቤዝመንት ውስጥ ናቸው፣ ካርቶናቸው ላይ ያለው 2,999 እንዳለ ነው። አንድ ሰው በ100 ዶላር ልግዛህ ብሎኝ ነበር። አልሸጥኩለትም። ዉፈሩን አውጥቼ ማግኔቱን አሳየሁት፣ ሳቅ ብሎ ተሰናብቶኝ ሄደ።