ማይክሮሶፍት አክሰስ በኮንትራክተር ቢሮ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ሁለት ሦስት ሳይት ለሚያንቀሳቅስና ዋና ቢሮው ውስጥ አራት አምስት ሰው መረጃ ለሚያስገባበት ኮንትራክተር አክሰስ የተባለው የማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ፕሮግራም በቂ ነው። ይህን የምንለው የእስቶርና የክፍያ ሰርተፊኬት (ለተሠራ ሥራ ክፍያ የሚጠየቅበት ሰነድ) ሥራን ከኤክሴል አውጥተን ለወራት ከሠራንበት በኋላ ነው። በኤክሴል ሳይቱ የራሱን ፋይል፣ ቢሮው ደግሞ የራሱን ይይዛል፤ ወር ሲዘጋ ሁለቱ አይገናኙም። አክሰስ ይህን ይፈታል፤ ሠንጠረዦቹ ግን ገና ከመነሻው በትክክል መሠራት አለባቸው።

ትልቁ ውሳኔ እስቶሩ ላይ «ቀሪ» የሚባል ዓምድ አለማስገባት ነው። እያንዳንዱ ገቢና ወጪ አንድ መስመር ይሁን፦ ቀን፣ ሳይት፣ የዕቃ ኮድ፣ መጠን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ለየትኛው የሥራ ዝርዝር ቁጥር እንደወጣ። ቀሪውን ኩዌሪ (ከሠንጠረዦቹ መረጃ እየመረጠ የሚደምር የአክሰስ መጠይቅ) ያስላው። ቀሪ በእጅ ከተጻፈ ስህተቱ በየትኛው ደረሰኝ እንደገባ ማወቅ አይቻልም። ሰርተፊኬት ላይም እንዲሁ ነው፤ የወሩን ልክ ብቻ አስገብቶ እስከዛሬ የተሠራውን ድምር ለኩዌሪ መተው ያዋጣል። ቫት፣ ሪቴንሽን (ከክፍያ ተቀንሶ ለዋስትና የሚያዝ ገንዘብ) እና የቅድሚያ ክፍያ ተመላሽ ፎርሙላ ውስጥ ሳይሆን በየፕሮጀክቱ መስመር ላይ ይቀመጡ፤ ውል ከውል ይለያያልና። ለብር «ከረንሲ» የሚለውን የመረጃ ዓይነት ምረጡ፤ «ደብል» የሚባለው የአሃዝ ዓይነት ሳንቲም እያዛባ ከአማካሪው ጋር ያጨቃጭቃል።

ቀጥሎ መለኪያ ነው። ሲሚንቶ በኩንታል ገብቶ በከረጢት ይወጣል፤ ፌሮ በኪሎ ተገዝቶ በቤርጋ (በአንድ ሙሉ ዘንግ) ይሰጣል። የዕቃ ሠንጠረዡ ላይ አንድ መሠረታዊ መለኪያና ማባዣ ይኑር። የአንድ ሜትር ፌሮ ክብደት በኪሎ፣ በሚሊሜትር የተለካው ዲያሜትሩ በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል ይገኛል፦ ባለ 12 ሜትር ርዝመት ቤርጋ፣ ዲያሜትሩ 12 ሚሊሜትር ከሆነ 10.7 ኪሎ ገደማ፣ 16 ሚሊሜትር ከሆነ 19 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አሸዋና ጠጠር በ«ቢያጆ» (በመኪና ምልልስ) አይመዝገብ። መኪናው በሰሌዳው ይመዝገብና የሳጥኑ ልክ በሜትር ተለክቶ ሜትር ኩቡ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ድካም የሚያዋጣው ፍጆታ ሲመሳከር ነው። የሥራ ዝርዝሩ ለሲ-25 ኮንክሪት በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ካለና 50 ሜትር ኩብ ከተሞላ 180 ኩንታል ይጠበቃል። ከእስቶር 205 ኩንታል ወጥቶ ከሆነ ወደ 14 በመቶ ብልጫ አለ፤ ከተፈቀደው ብክነት የሚያልፈውን ፎርማኑና እስቶር ኪፐሩ ወሩ ሳይዘጋ ይጠየቁበታል። ከኤክሴል ወጥተን ያገኘነው ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

የሚያስቸግረው ቀን ነው። አክሰስ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ኮምፒውተሩ ቀንን ከወር በሚያስቀድም አጻጻፍ ተስተካክሎ ሳለ ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብላችሁ ብታስገቡ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ አይቀበልም፤ ይህ ደግ ነው። አደጋው ጳጉሜን 5ን 5/13/2016 ብላችሁ ስትጽፉ ነው፤ ምንም ሳይል ሜይ 13 ብሎ ይይዘዋል። ቀኑ ጽሑፍ ሆኖ ቢቀመጥ ደግሞ በቅደም ተከተል መደርደር ይበላሻል። መፍትሔው ሠንጠረዡ ላይ የፈረንጅ ቀን መያዝ፣ ፎርሙ ላይ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ሳጥን በእኛ አቆጣጠር መቀበልና በቪቢኤ (አክሰስ ውስጥ ባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) መቀየር ነው።

አማርኛ በሠንጠረዥ፣ በፎርምና በሪፖርት ያለችግር ይሠራል። ቪቢኤ የሚጻፍበት መስኮት ግን ፊደላችንን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጣል፤ ስለዚህ የማስጠንቀቂያ መልእክቶች በሠንጠረዥ ተቀምጠው በፎርም ይታዩ። ሌላው «ሚስማር» እና «ምስማር» ለአክሰስ ሁለት ዕቃ መሆናቸው ነው። የዕቃ ስም ከዝርዝር ብቻ እንዲመረጥና ከዝርዝሩ ውጪ እንዳይጻፍ መቆለፍ የግድ ነው፤ አዲስ ኮድ የሚከፍተውም አንድ ሰው ይሁን።

ፋይሉን ሁለት ቦታ መክፈል አይታለፍ፦ ሠንጠረዦቹ ቢሮው ሰርቨር ላይ፣ ፎርሞቹና ሪፖርቶቹ በየሰዉ ኮምፒውተር። ሁሉም አንድ ፋይል ከከፈተ ሊበላሽ ይችላል። ግንኙነቱ በገመድ ይሁን፤ ሲጻፍ ዋይፋይ ከተቋረጠ ሠንጠረዡ ሊጎዳ ይችላል። ሰርቨሩና ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ስዊች ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ያስፈልጋቸዋል። ማታ ሁሉም ከወጣ በኋላ ቅጂ ይወሰድ፣ በየሳምንቱም «ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር» የሚባለው ፋይሉን የሚያጠብና የሚጠግን የአክሰስ ትዕዛዝ ይሠራ። የፋይሉ ጣሪያ 2 ጊጋባይት ስለሆነ የደረሰኝ ፎቶ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ሠንጠረዡ አድራሻውን ብቻ ይያዝ።

የሚያስገባ ሰው ሁሉ ሙሉ ፈቃድ መግዛት አይጠበቅበትም፤ ተዘጋጅቶ ያለቀውን ፋይል ለመጠቀም ብቻ የሚያገለግለው ነጻው የአክሰስ ራንታይም ይበቃል። ማክ ላይ ግን አይሠራም፣ ስልክ ላይም አይታሰብ። ሳይት ያለው እስቶር ኪፐር በቀጥታ እንዲጽፍ የሚፈልግ ድርጅት አክሰስን በኢንተርኔት ላይ ለመዘርጋት አይሞክር፤ ፎርሞቹን ይዞ ሠንጠረዦቹን ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ወደሚባለው የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ሰርቨር ያዛውር። እሱም ነጻ ነው፤ የ2022 እትሙ በአንድ ዳታቤዝ እስከ 10 ጊጋባይት ይይዛል። ኢንተርኔቱ የማያስተማምን ሳይት ላይ ደግሞ ወረቀቱ በየቀኑ ቢሮ ገብቶ በማግስቱ ቢመዘገብ ይሻላል።