የሐረሯን የክትትል ነርስ አመስግኑልኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህቺን ጽሁፍ የምጽፈው ሐረር ላይ ለምትሠራ አንዲት ነርስ ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለች፣ አልጽፍም። የሆስፒታሉንም ስም አልጠራም። እሷ የምትከታተለን የመድኃኒት ሙከራ ጥናት ገና አላለቀም፣ ተሳታፊ ሆኜ ስለ መድኃኒቱ በአደባባይ ባላወራ ይሻላል። ምስጋናውን ግን በሆዴ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም።

ለማታውቁኝ፣ የድሬ ልጅ ነኝ። የጡት ካንሰር ታክሜ ኦፕራሲዮኑንም ኪሞውንም ጨርሻለሁ፣ ተመስገን። አሁን በየቀኑ ታሞክሲፌን እወስዳለሁ። የእኔ ዓይነቱ ካንሰር ሆርሞን የሚመግበው ነው፣ ክኒኑ እንዳይመለስ ይከላከላል። ቢያንስ 5 ዓመት ይዋጣል፣ ለአንዳንዱ ሰው እስከ 10 ዓመት። ጥናቱ በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ክኒን ነው። ከፊሎቻችን እውነተኛውን እንወስዳለን፣ ከፊሎቻችን ደግሞ መልኩ አንድ ሆኖ ውስጡ መድኃኒት የሌለበትን። ማን የቱን እንደሚውጥ እኔም ሐኪሙም ሲስተርም አናውቅም።

አክስቴ ይህን ስትሰማ «መሞከሪያ አይጥ አደረጉሽ?» ብላ ጮኸች። ስልኩን ለሲስተር ሰጠኋት። በፈለገችበት ቀን መውጣት ትችላለች፣ ብትወጣም የተለመደው ሕክምናዋ አይቀርባትም፣ የፈረመችበት ወረቀት ቅጂውም ቤቷ አለ እያለች አንድ በአንድ አስረዳቻት። አክስቴ በመጨረሻ «እሺ፣ ብቻ በደንብ ትብላ» አለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህቺ ልጅ መጠየቅ ትችላለች! እኛ አገር «እንዴት ነሽ?» ከተባልን መልሱ ያለቀለት ነው፣ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ሲስተር አብራኝ ታመሰግናለች፣ ወረቀቷ ላይ ግን አንድም ነገር አትጽፍም። «ሌሊትስ? ስንቴ ነቃሽ?» ትላለች። (ድሬና ሐረር ላይ አንቱታ ብዙም አይበረታም፣ እኔም አንቺ ስትለኝ ነው ደስ የሚለኝ።)

ባለፈው «ያልብሻል?» አለችኝ። «አቦ፣ ድሬ ላይ የማያልበው ማን አለ!» አልኳት። ሳቀች፣ ግን አልለቀቀችኝም። ቬንትሌተር ሥር ቁጭ ብለሽስ? አጠገብሽ ያለው ሰው ደህና ሆኖ አንቺን ብቻ? ከደረትሽ ተነስቶ ወደ ፊትሽ ይወጣል? ሐረር ያደርሽ ጊዜስ እንዴት ነበርሽ? ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል ነው ይህን የጠየቀችው። ታሞክሲፌን እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሙቀት ያመጣል። የድሬን ፀሐይ ከመድኃኒቱ የለየችልኝ በዚህ ነው።

ስለምጠጣውም ትጠይቃለች። ጥቁር አዝሙድ፣ ዳማከሴ፣ ጎረቤት ያመጣው ቅጠል፣ ሁሉንም። አትቆጣም፣ አታሾፍም፣ ትጽፋለች። ከመድኃኒቱ ጋር የማይስማማ ካለ ሐኪሙ ማየት አለበት ትላለች። አንድ እግርሽ ብቻ ቢያብጥና ቢያምሽ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል ያለችኝም እሷ ናት። ይህን ታሞክሲፌን የምትወስዱ ሁሉ ያዙልኝ።

ክኒን ስትቆጥር ደግሞ ብታዩ። የመለስኩላትን ብልቃጥ ትሪ ላይ ትገለብጠዋለች፣ ከዚያ በትንሽ ዝርግ ማንኪያ አምስት አምስት እያደረገች ወደ ጥግ ትገፋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ያን ሰዓት የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ቢገባ ቀና የምትል አይመስለኝም። ትርፍ ካገኘች የቱ ቀን እንዳመለጠኝና ለምን እንደሆነ ትጠይቃለች፣ በቃ። የደም ግፊቴንም ሳልነግራት ኦፕራሲዮን ባልሆንኩበት ክንድ ነው የምትለካኝ።

ቅሬታ የለኝም አልልም። የላብራቶሪው ሰልፍ ሰው ይጨርሳል። በሌሊት ተነስቼ፣ ደንገጎን ወጥቼ፣ አወዳይ ላይ የጫት መኪና መንገድ ዘግቶብኝ ደርሼ እንደገና ሰልፍ! ይህ ግን በእሷ እጅ ያለ ነገር አይደለም። እሷማ ከቀጠሮው በፊት ደውላ ቁርስ በልቼ ልምጣ ወይስ ሳልበላ ትነግረኛለች። አንዴ ሐልዋ ይዤላት ሄድኩ። ስጦታ አንቀበልም ብላ ፓኮውን ተራ ለሚጠብቁት ሴቶች ከፈተችው።

ለጡት ካንሰር ክትትል ወደ ሐረር የምትሄዱ፣ ወይ ጥናት ግቡ ተብላችሁ የፈራችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ክፍሉን እጠቁማችኋለሁ። ኦሮምኛ የሚቀላት እናት ብትሆንም ችግር የለም፣ ሲስተር አሳምራ ትናገራለች። ስትሄዱ የምትውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ባዶ ብልቃጡም ሳይቀር። ስልኳን ብቻ አትጠይቁኝ፣ አልሰጥም።