የሞተሬን ኮምፕሬሽን ለክተው ላወረዱልኝ ባለሙያ ምስጋና፣ ለተቸገረም ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው አንድ የሞተር ባለሙያ ለሠሩልኝ ሥራ በአደባባይ ላመሰግናቸው፣ እንደ እኔ የሞተር ማንኳኳት ያስመረረው ሰው ካለም ወደ እሳቸው እንዲሄድ ልጠቁም ብዬ ነው። የሠሩልኝ ሥራ በየቀኑ የምነዳትን መኪና የኮምፕሬሽን ሬሾ ዝቅ ማድረግ ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ወደ እሳቸው ከመድረሴ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ከቦታ ቦታ ተንከራትቼበታለሁ።

መኪናዬ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያላት ስትሆን ፋብሪካው የሰጣት ሬሾ 9.4 ለ 1 ነው። ይህም ማለት ፒስተኑ ታች ሲደርስ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚኖረው ቦታ፣ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከሚቀረው ቦታ 9.4 እጥፍ ነው። ሞተሩ ግን በተለያየ ጊዜ ሁለቴ ከልክ በላይ ሞቆ ስለነበር ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል) ሁለት ጊዜ ተላጭቷል፣ ማለትም ፊቱ እንዲስተካከል በማሽን ተፍቋል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ምን ያህል እንደተነሳለት በወረቀት ያሰፈረ ሰው አልነበረም። ቴስታታ በተላጨ ቁጥር እሳቱ የሚነድበት ጉድጓድ ስለሚጠብ ሬሾው ከፍ ይላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ምስማር የሚያንቀጫቅጩ የሚመስል ድምፅ መስማት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ማንኳኳት የሚባለው ይህ ድምፅ የሚመጣው ካንዴላው (ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) የለኮሰው እሳት ወደ ዳር ከመድረሱ በፊት፣ ገና ያልነደደው የቤንዚንና የአየር ቅሪት በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ጊዜ በአንዴ ስለሚፈነዳ ነው። ዝም ተብሎ ከተነዳ የፒስተኑን አናት ይቦረቡራል፣ ፋሻ (ፒስተኑን የሚያቅፈው ቀለበት) የሚቀመጥበትን ቦታ ይሰብራል፣ በቴስታታውና በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) መካከል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑንም ያቃጥላል። መጀመሪያ ያየልኝ መካኒክ ታይሚንጉን ወደ ኋላ መለሰልኝ፣ ማለትም ካንዴላው ዘግይቶ እንዲተኩስ አደረገ፤ ድምፁ ጋብ አለ፣ ነገር ግን መኪናዋ ደከመች፣ ሙቀቷም ጨመረ። ሌላው ደግሞ ሁለት ጓርኒሲዮን ደርበን እንሰረው አለኝ። ለዚያ ምክር እሺ አለማለቴ ዛሬም ድረስ ደስ ይለኛል።

እኒህ ባለሙያ ጉዳዩን በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ የሰጡኝ መልስ አጭር ነበር፤ «ልጄ፣ መጀመሪያ ልለካው፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አሉኝ። ቴስታታውን ካወረዱ በኋላ ያደረጉትን በዓይኔ ስላየሁ በዝርዝር ልናገር። ቫልቮቹን ዘግተው፣ ካንዴላዎቹን በየቦታቸው አስረው፣ ቴስታታውን ጉድጓዱ ወደ ላይ እንዲሆን አጋደሙት። በጉድጓዱ ዙሪያ በጣት ስስ ግራሶ ቀቡና በመሐሉ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ ከደኑበት። ከዚያም መስመር ከተሰመረበት ረጅም የመስታወት ቱቦ ቀለም የተቀላቀለበት ነጭ ጋዝ ጠብታ በጠብታ ለቀቁ። የመጨረሻዋ የአየር አረፋ በቀዳዳዋ እስክትወጣ ድረስ ቴስታታውን በትንሹ እያዘነበሉ ይጠብቁ ነበር። አራቱንም ጉድጓዶች ሁለት ሁለት ጊዜ ለኩ። ሦስተኛው ከሌሎቹ በ0.6 ሲሲ (ኪዩቢክ ሴንቲሜትር) አንሶ ተገኘ፤ ቀደም ሲል ሲላጭ ተጣሞ እንደተላጨ ያሳየን ይህ ልኬት ነው።

ስሌቱን በወረቀት ላይ እየጻፉ አስረዱኝ። የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 77 ሚሊሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ሲሊንደር 396.8 ሲሲ ይስባል። የቴስታታው ጉድጓድ በአማካይ 36.4 ሲሲ፣ የጓርኒሲዮኑ ውፍረት የሚይዘው 4.2 ሲሲ፣ ፒስተኑ ከብሎኩ አፍ 0.2 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ስለሚቆም የሚተወው 1 ሲሲ ሲደመር 41.6 ሲሲ ይሆናል። 396.8 እና 41.6 ተደምረው ለ41.6 ሲካፈሉ 10.5 ይመጣል። ፋብሪካው ለ9.4 የሠራው ሞተር፣ ማንም ሳያስበው፣ በ10.5 ሬሾ 91 ኦክቴን ቤንዚን እያቃጠለ ነበር ማለት ነው (ኦክቴን ቤንዚኑ ማንኳኳትን የሚቋቋምበት ልክ ነው)። ለሁለት ዓመት ሙሉ ያስጨነቀኝ ነገር በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሲፈታ ማየት ምን ያህል እንዳሳረፈኝ ለመግለጽ ይቸግረኛል።

የተስማማንበት ግብ 9.2 ነበር። ከፋብሪካው ጥቂት ዝቅ ያደረጉበት ምክንያት በጊዜ ብዛት በፒስተኑ አናት ላይ የሚጠራቀመው ካርቦን ሬሾውን መልሶ ከፍ ስለሚያደርገው መጠባበቂያ ለመተው ነው። ለዚህ በእያንዳንዱ ሲሊንደር 6.8 ሲሲ ተጨማሪ ቦታ ያስፈልግ ነበር። በወፍራም ጓርኒሲዮን ብቻ ይህን ለማግኘት 1.3 ሚሊሜትር መጨመር ግድ ይላል። እዚህ ላይ ባለሙያው እጃቸውን አራግፈው «አይሆንም» አሉ። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ የጠርዙ ጠፍጣፋ ክፍል ከቴስታታው ጋር 1 ሚሊሜትር እስኪቀረው ድረስ ይጠጋና በመሐል ያለውን የቤንዚንና የአየር ጋዝ ጨምቆ ወደ ካንዴላው ይገፋዋል፤ ይህ ግፊት ጋዙን ያዋህዳል፣ እሳቱንም ያፈጥናል። ክፍተቱ ከ2 ሚሊሜትር ሲያልፍ ግን ጋዙ ዳር ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ሬሾው በወረቀት ላይ ወርዶ ሳለ ሞተሩ አሁንም ሊያንኳኳ ይችላል። ጓርኒሲዮን ደራርቦ ማሰር ብዙ ሰው የሚመርጠው ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ነው፤ እኔ ግን ይህን ከሰማሁ በኋላ ለማንም አልመክረውም።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። 1.8 ሲሲ ያህሉን ከቴስታታው አገኙ፤ ሲላጭ የቀሩትን ስለታም ጠርዞች አለዘቡ፣ የቫልቮቹን ዙሪያ ከፈቱ፣ ሦስተኛውን ጉድጓድ ከሌሎቹ ጋር አስተካከሉ። ስለታም ጠርዝ በሙቀት ፍም ሆኖ ካንዴላው ሳይተኩስ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ይህ በራሱ ጥቅም አለው። የቀረውን 5 ሲሲ ከፒስተኖቹ አናት ላይ በቶርኖ (በብረት መቅረጫ ማሽን) አወጡት፤ 60 ሚሊሜትር ስፋትና 1.8 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ዝርግ ጎድጓዳ ቆፍረው የዳሩን ጠፍጣፋ ቀለበት ሳይነኩ ተዉት። ከመቁረጣቸው በፊት የአናቱን ውፍረት ለክተው ከ5 ሚሊሜትር በታች የሚወርድ ከሆነ አዲስ ፒስተን እንድገዛ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ በቂ ውፍረት ስለተገኘ ያ ወጪ ቀረልኝ። ከየፒስተኑ 13 ግራም ያህል አሉሚኒየም ወጣ፤ አራቱንም መዝነው ልዩነታቸውን ከ1 ግራም በታች አደረጉት። በመጨረሻም በአንዱ ፒስተን ላይ ፕላስቲሲን ለጥፈው፣ ሞተሩን በእጅ አዙረው፣ ቴስታታውን መልሰው ከፈቱና የተጨፈለቀውን ፕላስቲሲን በምላጭ ቆርጠው በካሊፐር ለኩት። ቫልቭና ፒስተን እንደማይነካኩ በዓይኔ አሳዩኝ።

አንዳንድ ወዳጆቼ ኮምፕሬሽን ማውረድ ሞተርን ማዋረድ ነው ይሉኝ ነበር። በዚህ አልስማማም። ጄኔራል ሞተርስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል መኪኖቹ የሞተሮቹን ኮምፕሬሽን ያወረደው ዝቅተኛ ኦክቴንና እርሳስ የሌለበት ቤንዚን እንዲቀበሉ ብሎ ነው። ሞተር የሚሠራው ከሚያገኘው ነዳጅ ጋር ነው። በእርግጥ የሚከፈል ዋጋ አለው፤ ባለሙያው ራሳቸው በንድፈ ሐሳብ ስሌት ከ10.5 ወደ 9.2 መውረድ ከነዳጁ ከሚገኘው ጉልበት 3 ከመቶ ተኩል ያህል እንደሚቀንስ ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ነግረውኛል። በእኔ መኪና ላይ ግን ተመልሶ የመጣው ይበልጣል፤ ማንኳኳቱ ስለጠፋ ወደ ኋላ ተጎትቶ የነበረው ታይሚንግ ወደ ፋብሪካው ልክ ተመለሰ። ዳገቱን ዛሬ በዚያው በአራተኛ ማርሽ ያለ ምንም ድምፅ ትወጣዋለች። የኮምፕሬሽን መለኪያው ቀድሞ 14 ባር አካባቢ ያነብ የነበረው አሁን በአራቱም ሲሊንደር ከ12 እስከ 12.3 ባር ነው። ከዚያ ወዲህ 6,000 ኪሎሜትር ነድቻታለሁ፤ ሰሞኑን ካንዴላዎቹን ስናወጣቸው ጫፋቸው ንጹሕ ቡናማ ሆኖ አገኘነው።

ላመሰግናቸው የምወደው ስለ እጃቸው ሙያ ብቻ አይደለም። የማይስማሙበትን ነገር ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለታቸው፣ እያንዳንዱን ቁጥር ጽፈው መስጠታቸው፣ የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ በካርቶን አድርገው መመለሳቸው ከዚህ በፊት ያልገጠመኝ ነገር ነው። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፣ ከልብ አመሰግንዎታለሁ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ወደ እሳቸው መሄድ የምትፈልጉ፣ ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስቀድሜ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ። ሥራው የእኔን ዘጠኝ የሥራ ቀናት ስለፈጀ መኪናውን በማግሥቱ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። ቱርቦ ለመግጠም ብላችሁ ኮምፕሬሽን የምታወርዱ ከሆነ ልታገኙ ያሰባችሁትን የግፊት መጠንና የምትቀዱትን ቤንዚን ኦክቴን ይጠይቋችኋልና አዘጋጅታችሁ ሂዱ። ቴስታታው ከዚህ በፊት ተላጭቶ ከነበረ የተላጨበትን መጠን የሚያሳይ ማንኛውንም ወረቀት፣ ከተገኘም አሮጌውን ጓርኒሲዮን ሳትጥሉ ይዛችሁላቸው ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።