ዘጠኝ ወር ከሁለት ነጭ ሆድ ባፍሎች ጋር፦ ላፕቶፔን ከስቱዲዮ ሞኒተር ያገናኘሁበት መንገድ

ባለፈው ጥቅምት ሁለት ያማሃ ኤችኤስ 5 ስቱዲዮ ሞኒተሮች አዲስ አበባ ገዝቼ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። እያንዳንዳቸው 5.3 ኪሎ ግራም ስለሚመዝኑ አንዱን ካርቶን ጭኔ ላይ፣ ሌላውን እግሬ ሥር አድርጌ ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን አለፍኩ። የሚኒባሱ ረዳት ምን እንደያዝኩ ሲጠይቀኝ «ሞኒተር ነው» አልኩት። «ቴሌቪዥን ከሆነማ በቁሙ ያዘው፣ ይሰበርብሃል» ብሎ መከረኝ። ስሙ ሻጮችንም ያደናግራል፤ ሞኒተር ስትሏቸው የኮምፒውተር ስክሪን ያወጡላችኋል። በእኛ አነጋገር ባፍል ነው። የሠርግ ቤት ባፍል ግን ድምፅ ያሳምራል፤ ይህኛው የቀረጻውን ጉድለት ያጋልጣል።

የገዛሁት ከዓይነቱ ትንሹን ነው፤ ለወፍራም ድምፅ 5 ኢንች ወፈር፣ ለቀጭን ድምፅ 1 ኢንች ትዊተር አለው። ሁለቱም የየራሳቸው አምፕሊፋየር ውስጡ ተገጥሞላቸዋል፤ ለወፈሩ 45፣ ለትዊተሩ 25፣ በድምሩ 70 ዋት። ሌላ አምፕሊፋየር መግዛት አያስፈልግም ማለት ነው። በአንጻሩ ሁለቱም የየራሳቸውን የመብራት ገመድ ይፈልጋሉ፤ እኔ ይህን ሳላስብ አንድ ሶኬት ብቻ ያለበት ክፍል ውስጥ አስገባኋቸው። ነጩ ወፈር የኩባንያው የቆየ መለያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ኤንኤስ-10 ባፍል በየስቱዲዮው የታወቀው በዚሁ ነጭ ሆዱ ነበር። እናቴ ግን «ዓይኑን ያፈጠጠ ጉጉት» ትለዋለች፤ ማታ ማታ ጨርቅ ታለብሰዋለች።

መጀመሪያ ላይ ሳውንድ ካርድ (ድምፅን ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባና የሚያወጣ መሣሪያ) አልነበረኝም፤ ገንዘቡ በባፍሎቹ አለቀ። ስለዚህ በአንድ ጫፉ 3.5 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው ጫፍ ሁለት ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር ጃክ ያለው ገመድ ገዝቼ ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ባፍሎቹ ዘረጋሁ። ባፍሉ ከኋላው የሚቀበለው ባለ ሦስት እግሩን ኤክስኤልአርና ትልቁን ጃክ ብቻ ስለሆነ ከዲቪዲ ማጫወቻ የምናውቀው ቀይና ነጭ ገመድ አይገባበትም። ብሉቱዝም የለውም፤ ለቀረጻ ስለማይረባ አልቆጨኝም።

ሙዚቃው ወጣ፤ ጉርምርምታውም አብሮት ወጣ። ቀን ቀን የባጃጁ ጩኸት ይሸፍነዋል። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ብርዱ ሰዉን ሁሉ ወደየቤቱ ሲያስገባ ግን ያ «እምምም» ክፍሉን ይሞላዋል። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ደግሞ እንደ ጢንዚዛ ጥዝ ይላል። ባፍሎቹ የተበላሹ መስሎኝ ልመልሳቸው ካርቶናቸውን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ነበር። አንድ ማታ የላፕቶፑን ቻርጀር ለስልክ ብዬ ከሶኬቱ ነቀልኩት፤ ክፍሉ ጭጭ አለ። መልሼ ስሰካው ጉርምርምታው ተመለሰ። ለሁለት ወር ያህል ባትሪው እስኪያልቅ እየሠራሁ፣ ሲያልቅ ሻይ እየጠጣሁ ቻርጅ እስኪያደርግ ስጠብቅ ቆየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራታችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ላፕቶፑና ባፍሉ በአንድ በኩል በመሬት መስመሩ፣ በሌላ በኩል በድምፅ ገመዱ ሲገናኙ ቀለበት ይፈጠራል፤ በቀለበቱ የሚዞረው ትንሽ ኮረንቲ ራሱን ሙዚቃ አስመስሎ ወደ ባፍሉ ይገባል። አንድ የሠፈራችን ኤሌክትሪሺያን «የመሬቱን ሽቦ ቁረጠው፣ ይለቅሃል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይለቀኛል። ነገር ግን አንድ ቀን ውስጥ ያለ ሽቦ ቢላላ ብረቱን የነካው ሰው ራሱ የመሬት ሽቦ ይሆናል። እኔ አላደረግኩትም፤ እናንተም አታድርጉት።

በታኅሣሥ ያገለገለ ሳውንድ ካርድ፣ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ሦስተኛውን ትውልድ ገዛሁ። ኃይል የሚወስደው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ስለሆነ በዚያች አንድ ሶኬት ላይ ሌላ ተሻሚ አልጨመረብኝም። ዋናው ጥቅሙ ከኋላው ያሉት ሁለት ባላንስድ መውጫዎች ናቸው። ባላንስድ ገመድ አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ ይልካል፤ በአንዱ እንዳለ፣ በሌላው ገልብጦ። መንገድ ላይ የሚገባው ጉርምርምታ ግን በሁለቱም ሽቦዎች ላይ እኩል ያርፋል። ባፍሉ የተገለበጠውን መልሶ ሲያቃናና ሁለቱን ሲደምር ሙዚቃው ይበረታል፣ ጉርምርምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ገመድ ስትገዙ ጃኩን አገላብጣችሁ እዩት፤ ሁለት ጥቁር ቀለበት ሊኖረው ይገባል። አንድ ቀለበት ብቻ ያለው የጊታር ገመድ ድምፅ ያወጣል፤ የከፈላችሁበት ነገር ግን የለበትም። እኔ ሻጩን አምኜ የመጀመሪያውን ጥንድ ገመድ ተሳስቼ ገዛሁ፤ አሁን ልብስ ይሰጣበታል።

ስለ ቅንብሩ ብዙ የምለው የለም። በዊንዶውስ የምትሠሩ ከሆነ የካርዱን አሲዮ ድራይቨር (የድምፁን መዘግየት የሚያሳጥር ፕሮግራም) ጫኑ። በሰከንድ 48,000 ናሙና (48,000 ኸርዝ)፣ በፈሩ (ላፕቶፑ በአንድ ጊዜ የሚያዘጋጀው የናሙና ብዛት) 128 ሲሆን መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ 2.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ዘፋኝ አያውቀውም። ሳቀነባብር ወደ 512 ከፍ አደርገዋለሁ፤ ያኔ ያረጀው ላፕቶፔ ትንፋሽ ያገኛል። ባፍሉ ሲበራ የመጨረሻው፣ ሲጠፋ የመጀመሪያው ይሁን፤ አለበለዚያ ካርዱ ሲነሳ የሚወጣው ድው የሚል ድምፅ ወፈሩን ይመታዋል። መብራት በድንገት በሚጠፋበትና በሚመጣበት ቤት ይህን ሕግ ማክበር ከባድ ነው። እኔ መብራት እንደሄደ መጀመሪያ የምሮጠው ከባፍሎቹ ጀርባ ወዳለው ማብሪያ ነው፤ ሻማው ቀጥሎ ይደርሳል።

ወደ ድምፁ ልምጣ። ከመንዝ መሐል ሜዳ ለገበያ ሲመጡ እኔ ዘንድ የሚቀረጹ አንድ አዛውንት አዝማሪ አሉ። ለዓመታት የእሳቸውን ማሲንቆ ያቀነባበርኩት በላፕቶፑ ስፒከር ነበር። በዚያ ስፒከር ማሲንቆው ያምራል፤ ከበሮው ግን ስለማይሰማኝ የታችኛውን ድምፅ እየጨመርኩ፣ እየጨመርኩ ሄድኩ። ሞኒተሩን ገዝቼ የድሮውን ሥራ ስከፍተው ከበሮው እንደ ክረምት ጎርፍ ሁሉን ጠርጎ ወሰደው። ማሲንቆውም ሌላ ሆነ፤ የፈረስ ጭራው በፈረስ ጭራ ላይ ሲፈጭ የሚወጣው ሽርክታ በ2,000 እና በ4,000 ኸርዝ መካከል ጎልቶ ወጣ። አዛውንቱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ገበናዬን አወጣው» አሉኝ። «ጋሼ፣ የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው» አልኳቸው። ማይክሮፎኑን ክሩ አፍ ሥር ደቅኜው ስለነበር ነው። አርባ ሴንቲ ሜትር ያህል ሳርቀው ሽርክታው ረገበ፤ የቆዳው ሆድ ድምፅ መጣ። ያለ ሞኒተሩ ይህን ስህተት በኢኩዋላይዘር እየሸፋፈንኩ ዕድሜዬን እፈጅ ነበር።

ክፍሌ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ነው፤ በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ቤት፣ ከላይ ቆርቆሮ። ሦስት ሜትር የሚራራቁ ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች 57 ኸርዝ አካባቢ ያለውን የታችኛውን ድምፅ እየተቀባበሉ ያቆሙታል። ስለዚህ መሐል ላይ የሚጠፋው ከበሮ ግድግዳው ጥግ ስትደርሱ ይጮህባችኋል። የባፍሉ መተንፈሻ ከኋላው በመሆኑ ጠረጴዛውን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ሳብኩት። ከጀርባው ከ500 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ በ2 ወይም በ4 ዴሲቤል የሚቀንስ ማስተካከያ አለ፤ እኔ በ2 ላይ አድርጌዋለሁ። ማስቀመጫዎቹ ሁለት ሁለት ብሎኬቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ አለ። ትዊተሮቹ ከጆሮዬ ትክክል ሆነው፣ ሁለቱ ባፍሎችና እኔ ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ሠርተናል።

ቀሪው ችግር የግድግዳው ማስተጋባት ነበር፤ ስታጨበጭቡ ቺርር ይላል። ለዚህ የሚሸጠውን ስፖንጅ መግዛት ትቼ ሁለት የመንዝ ዝተት በጣውላ ወጥሬ በግራና በቀኝ፣ ከግድግዳው አሥር ሴንቲ ሜትር አርቄ ሰቀልኩ። ወፍራም የበግ ጸጉር ከላይኛውና ከመካከለኛው ድምፅ ብዙውን ይውጣል፤ ከኋላው የተተወው ክፍተት ደግሞ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንዲደርስ ያግዘዋል። 57 ኸርዙን ግን አይነካውም፤ ለእሱ ዝተት ሳይሆን ሌላ ቤት ያስፈልጋል።

ኤችኤስ 5 ከ54 ኸርዝ በታች አይወርድም። ለማሲንቆና ለክራር ከበቂ በላይ ነው፤ ለከበሮው ሥር ግን በጆሮ ማዳመጫ አረጋግጣለሁ፣ ከዚያም በጎረቤቴ ባጃጅ ውስጥ እሰማዋለሁ፤ ዘፈኑ በመጨረሻ የሚደመጠው እዚያ ነውና። ትልቁን፣ ባለ 6.5 ኢንቹን ኤችኤስ 7 ልግዛ የሚለኝ ሰው ካለ ክፍሉን መጀመሪያ ይለካ። እንደ እኔ ባለ ክፍል ውስጥ የትርፉ ገንዘብ ለሳውንድ ካርድና ለትክክለኛ ገመድ ቢውል ይሻላል። ዋጋ አልጽፍም፤ ከ2016 ሐምሌ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር ገበያ አያገለግልም።

አሁን ሐምሌ ነው። በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቀረጻ የለም፤ ማቀነባበርም አልሆነልኝም። ዝተቶቹ የእናቴ ናቸው፤ ባለፈው ሳምንት ብርዱ ሲጠናባት የግራውን ከጣውላው ፈትታ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ የግራው ባፍል ከቀኙ ይበልጥ ይጮሃል፤ እስከ መስከረም በጆሮ ማዳመጫ እሠራለሁ።